የመድፍ ቀለሃና የቅል ዛፍ

ሚስተር ሐሪ ፓርች ለቴያትር ስለ ሠሯቸው የዜማ መሣሪያዎች

በዚህ ለቤተ ሰብ በተሰጠው ገጽ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ማንበብ የለመዳችሁ ስለ ኾነ፥ ዛሬ የዜማ መሣሪያ ነገር ስናነሣ ጽሑፉ ከቦታው የወጣ ይመስላችሁ ይኾናል። ነገር ግን የምንናገርላቸው ሰው መሣሪያዎቻቸውን የሠሩት ከወይን ጠጅ ጠርሙስ፥ ከኤሌክትሪክ አምፑል፥ ከቅልና ከባሕር ዛፍ ዕንጨት፥ ከተጣለም የመድፍ ቀለሃ ነው። ከነዚህ የሚበዛው በማናችንም ቤት ከጓዳና ከጓሮ የማይታጣ ነው። ኹለተኛው ምክንያታችን ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ይኸውም በነዚሁ መሣሪያዎች ከተሠሩት ቴያትሮች የታላቁ እኩሌታ ከአገራችን ተረት የተወሰደ ስለ ኾነ ነው። ወደዚያም ቀስ ብለን እንደርሳለን።

ሚስተር ሐሪ ፓርች በፈረንጅ አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አገር በኦክላንድ ከተማ ተወለዱ። ከዚህ በታች የምንጽፋቸውም ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባትና እናታቸው እርሳቸው ከመወለዳቸው አስቀድሞ በቻይና አገር የወንጌል ሰባኪዎች ነበሩ። ስለዚህ እናታቸው ልጃቸውን የሚያባብሉት አንዳንድ ጊዜ በቻይና ቋንቋ በተማሩት ዘፈን ነበር። ቤተ ሰቡ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ወደ ደረቁ የአሪዞና ምድር ተዛወረና በዚያ ባቡር በሚያልፍበት በትንሽ ከተማ ኖሩ። ኖታ ማንበብን ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው። መሣሪያም ከሩቅ አገር በፖስታ እየታዘዘ ይመጣላቸው ነበር። እናቶች ይህን ቃል ልብ ብለው እንዲያዩልን እንለምናለን፤ ልጅ በእቅፍ ሳለ የሰማው ዜማ ካደገ በኋላ በትምህርት ቤት ከሚማረው ጋር አልስማማ እያለ ሲጣላበት የሚኖርበት ጊዜ አለና። በሚስተር ፓርችም የኾነው ይኸው ነው።

የጠቡ ምክንያት ፒያኖ ነው። ነገሩን ለመረዳት ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ከኹሉ ይልቅ ይቀናዋል። የማሲንቆውን ጭራ ከመካከሉ በጣት ይዘው እኩሌታውን ቢገዘግዙት፥ ድምፁ ያው የመዠመሪያው ኾኖ ነገር ግን ከፍ ብሎ ይሰማል። ይህን ፈረንጆች ኦክታቭ ይሉታል። ከርዝመቱ ሲሶውን ትተው ኹለቱን እጅ ብቻ ቢያስጮኹት ደግሞ ከመዠመሪያው ጋር እጅግ የሚስማማ ሌላ ድምፅ ይወጣል። እንዲህ እያለ ርዝመቱ በትንንሽ ቍጥር በተከፈለ መጠን የሚወጣው ድምፅ ኹሉ ጆሮን ደስ የሚያሰኝ ነው። ይህም በግሪክ አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት የታወቀ ጥበብ ነው። ፒያኖ ግን ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል። ይህ የተደረገው ተጫዋቹ ከየትኛውም ቍልፍ ቢነሣ የዜማው መልክ እንዳይለወጥበት ነው። ለዚህ ምቾት የተከፈለው ዋጋ አለ፤ ከኦክታቩ በቀር አንዱም ድምፅ አውታሩ በተፈጥሮው ከሚሰጠው ልክ ጋር በትክክል አይገጥምም። አንዳንዱ በጥቂት ብቻ፥ አንዳንዱም ጆሮ በሚያውቀው መጠን ያፈነግጣል። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት በማሲንቆ ሲሰማ ያደገ ሰው ይህንኑ በፒያኖ ሲመታ ቢሰማ አንድ ነገር እንደ ጐደለው ወዲያው ይታወቀዋል። የጐደለውን ነገር ስሙን መጥራት ባይችል እንኳ።

ሚስተር ፓርች ይህን የጐደለ ነገር ሲፈልጉ ወጣትነታቸው አለፈ። ከኹሉ ይልቅ ያሳሰባቸው የሰው ንግግር ነው። ሰው ሲያዝን፥ ሲቈጣ፥ ሲለምን ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚለው በፒያኖ ቍልፍ ልክ አይደለም። እርሳቸውም ቃሉን ሳይውጥ የሚከተለው፥ ተናጋሪውንም ወደ ጩኸት የማይገፋው ዜማ አሰኛቸው። እኛ በገና ደርዳሪ ዝቅ ባለ ድምፅ፥ ከዘፈን ይልቅ ለንግግር በቀረበ ቃል ሲያመሰግን መስማት ስለ ለመድን አሳቡ እንግዳ አይኾንብንም። በእርሳቸው አገር ግን ለዚህ የሚስማማ ዕቃ አልነበረም።

በ1930 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ ሳሉ እስከዚያ ቀን ድረስ በ14 ዓመት የደረሱትን ዜማ ኹሉ ሰብስበው በብረት ምድጃ ውስጥ አቃጠሉት። አንባቢ ይህን እብደት ቢለው አንፈርድበትም። ነገር ግን ያቃጠሉት ተስፋ ቈርጠው አልነበረም። በዚያው ከተማ አንድ የቫዮሊን ሠሪ በእርሳቸው ትእዛዝ በቪዮላ ገላ ላይ የትልቁን የቼሎ አንገት ገጥሞላቸው ነበርና፥ በረዘመው አንገት ላይ ጣታቸው የሚያርፍበትን ልክ በምልክት ለይተው እንደ ገና ከሀ ዠመሩ። በመጨረሻም ኦክታቩን በ43 ደረጃ ከፈሉት። ደረጃዎቹም እኩል አይደሉም፤ እያንዳንዱ የተገኘው ከላይ እንደ ተናገርነው በቍጥር ክፍያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሕይወታቸውን በአጭሩ እናልፋለን። በ1934 ዓ.ም. ለጥናት በተሰጣቸው ገንዘብ ወደ ሎንዶን ተሻግረው በብሪታንያ ቤተ መዘክር መጻሕፍት ሲመረምሩ ቈዩ። በአይርላንድም ታላቁን ባለቅኔ ዊሊያም በትለር ዬትስን አግኝተው በቪዮላቸው አጫወቷቸው። ባለቅኔውም ደስ ተሰኝተው የንጉሥ ኤዲፕስን ቴያትር በዜማ እንዲሠሩት ፈቀዱላቸው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ዘመኑ የችግር ዘመን ነበርና፥ ከ1935 ዓ.ም. ዠምሮ ስምንት ዓመት ያህል ሥራ አጥተው በጭነት ባቡር ከአገር አገር ከሚዞሩት ሰዎች ጋር አብረው ዞሩ። በመንገድ ዳር አጥር ላይ መንገደኞች ጽፈውት ያገኙትን የስምንት ሰው ቃል በ1941 ዓ.ም. ዜማ ሰጡት። በሜዳ እሳት አንድዶ እራቱን የሚቀቅል መንገደኛ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ሳይኾን ከኑሮ ያወቁት በዚህ ጊዜ ነው። ይህንንም አንባቢ እንዲያስታውስልን እንፈልጋለን።

አኹን ወደ መሣሪያዎቹ እንመለስ።

ሚስተር ፓርች መሣሪያዎቻቸውን በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር። ስለ ራሳቸው ሲናገሩም በአናጢነት የተታለሉ የዜማ ሰው ነኝ ይሉ ነበር። የማሲንቆና የበገና አገር ለኾነው ለእኛ አገር ተጫዋች መሣሪያውን ራሱ መሥራቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የበገና ሠሪም በአውታሩና በመደገፊያው መካከል እንዚራ የሚባለውን የቈዳ ቍራጭ እየሳበና እየገፋ ድምፁን የሚያስነዝረው በጆሮው እየመዘነ ነው። በአሜሪካ ግን መሣሪያ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ስለ ነበረ ጐረቤቶቻቸው በጣም ሳይደነቁ አልቀሩም።

ከታላላቆቹ አንዱ ኪታራ የሚባለው ነው። በጥንት የግሪክ ገንቦ ላይ በተሳለ ሥዕል አስመስለው የሠሩት ስለ ኾነ ከክራራችን ጋር ዘመድ መኾኑን ቅርጹ ይመሰክራል። ነገር ግን ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ሲኖረው ይህ 72 አለው። ቁመቱም ከሰው ስለሚበልጥ ተጫዋቹ በመቆሚያ ላይ ወጥቶ ይደረድረዋል። በአንዳንዱ አውታር ሥር የመስታወት ዘንግ አለ፤ ዘንጉን ሽቅብና ቍልቍል ባንሸራተቱት ጊዜ ድምፁ እንደ አልቃሽ ይጐተታል።

ማሪምባ ማለት የዕንጨት ጣውላዎች ተደርድረው በበትር የሚመቱበት መሣሪያ ነው። እርሳቸው በ1946 ዓ.ም. በሠሩት በአንደኛው ላይ 36 ጣውላዎች የቆሙት በተራ ሳይኾን በአልማዝ ቅርጽ ነው፤ አቀማመጡም የድምፆቹን ቍጥራዊ ዝምድና ያሳያል። ስለዚህ ዐይን ያየውን ጆሮ ይሰማዋል። ትልቁ ማሪምባቸው ደግሞ አራት ጣውላ ብቻ አለው፤ የወፍራሙ ድምፅ በሰኮንድ 22 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ በመኾኑ በጆሮ ከመሰማት አልፎ በወለሉ በኩል በእግርና በደረት ይታወቃል ይባላል። ከእኛ አገር ነጋሪት ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን አያስተባብልም።

በበርክሊ ዩኒቨርሲቴ የጨረር ምርምር ይደረግ በነበረበት ቤት እንደ ጋን የተነፉ ወፍራም የፓይሬክስ ጠርሙሶች ነበሩ። ሊቃውንቱ የሚፈልጉትን ቈርጠው ከወሰዱ በኋላ የተጣለውን አናቱንና ግርጌውን ሚስተር ፓርች ለምነው ወሰዱት። ከአግዳሚ ላይ በገመድ ሰቅለው በበትር ጠርዙን ሲመቱት እንደ ደወል ያለ፥ ነገር ግን ከደወል የለዘበና የሚቈይ ድምፅ ሰጠ። ይህ በ1950 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የመድፍ ቀለሃዎችን ሰብስበው ከሌሎች ጥቂት ዕቃዎች ጋር በአንድ እንጨት ላይ ሰቀሉና ስሙን «የጦር ምርኮ» አሉት። በምርኮ ጋሻና ጐራዴ አዳራሹን ያስጌጠ መኰንን በአገራችን ብዙ ነበረ፤ ምርኮውን በየማታው ለዜማ ያስጮኸ ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ እንናገር። ውስጣቸው ከወጣ ከ24 የኤሌክትሪክ አምፑሎች አንድ ማሪምባ ሠሩ። ድምፁ ቀጭንና የሚንቦጨቦጭ ኾኖ የሚፈላ ቡና ይመስላል። ከወይን ጠጅና ከአረቄ ጠርሙስ፥ ከኦቶሞቢል መንኰራኵር ክዳንና ከዕንጨት ቍራጭ ሌላ ሠሩ። በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ 12 ደወሎችን ከነቅሎቻቸው አስረው «የቅል ዛፍ» ብለው ሰየሙት፤ ቅሉ የደወሉን ድምፅ ያጐላዋል። ባሕር ዛፍ ለካሊፎርኒያም እንደ እኛ አገር ከአውስትራልያ የመጣ እንግዳ ተክል ነው። ማገዶና ማገር ብቻ አድርገን የያዝነው ዛፍ በዚያ የዜማ ግንድ ሲኾን ማየት ደስ ያሰኛል። ከቅሉ ዛፍ አጠገብ ከአውሮፕላን የነዳጅ ጋን አፍንጫ የተሠሩ ኹለት ሾጣጣ ደወሎች ይቆማሉ።

እነዚህ መሣሪያዎች ከቴያትሩ በስተፊት ጕድጓድ ውስጥ እንዲደበቁ ሠሪያቸው አልፈቀዱም። መድረኩ ላይ ይቆማሉ፤ የቴያትሩ ጌጥ እነርሱው ናቸው። ተጫዋቾቹም ልብስ ለብሰው፥ መሣሪያውን በሙሉ አካላቸው እየመቱ፥ ሲያስፈልግም እየዘፈኑና እየጮኹ ከተዋናዮቹ ይቈጠራሉ። በ1952 ዓ.ም. የንጉሥ ኤዲፕስ ቴያትር በኦክላንድ በሚልስ ኮሌጅ በዚህ ዐይነት ተሠራ። ሸክላ ሊወጣለት ሲፈለግ ግን ባለቅኔው ከሞቱ ብዙ ዓመት አልፎ ነበርና ወኪሎቻቸው ከለከሉ። ሚስተር ፓርችም ቃሉን በ1954 ዓ.ም. በሌላ ትርጕም ለውጠው እንደ ገና ሠሩት። ለሲኒማም በ1958 ዓ.ም. ማደሊን ቱርተሎ ለተባሉ ሴት ዜማ ደርሰዋል። ፊልሙ ዳፍኔ የምትባለዋ ልጃገረድ ከአፖሎን ስትሸሽ ዛፍ መኾኗን የሚናገረውን የግሪኮች ተረት የያዘ ነው። ሲኒማ እንደነዚህ ያሉትን መሣሪያዎች ይወዳል፤ ተመልካቹ ምን እንደሚጮኽ ማወቅ ሲያቅተው ፍርሃት ይይዘዋልና። ሪቻርድ ዋተርስ የተባሉ ሌላ አሜሪካዊ የብረት ሣህን ውስጥ ውሃ ጨምረው በዙሪያው የነሐስ ዘንጎች በመትከል የሠሩትና በ1975 ዓ.ም. በስማቸው ያስመዘገቡት መሣሪያ በብዙ የሚያስፈራ ፊልም ውስጥ የሚሰማው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከኹሉ የሚበልጠው ሥራ በጥር ወር 1969 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቴ የተሠራው ነው። መዠመሪያው ክፍል ከጃፓን የኖህ ቴያትር የተወሰደ የሙታን ነገር ነው፤ አሳዛኝ ነው። ኹለተኛው ክፍል የሚያስቅ ሲኾን የተወሰደው ከኢትዮጵያ ነው። ሐሮልድ ኩርላንደርና የቋንቋችን ታላቁ መርማሪ ፕሮፌሶር ቮልፍ ሌስላው በ1950 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ተረቶች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርገው አሳትመው ነበር። ፕሮፌሶር ሌስላው ደግሞ ቴያትሩ በተሠራበት በዚያው ዩኒቨርሲቴ ያስተምሩ ነበር።

ተረቱ ይህ ነው። አንዲት ሴት ፍየሎቿ ጠፍተውባት ስትፈልግ በመንገድ ዳር እሳት አንድዶ ቡና የሚያፈላ ሰውዬ አገኘች። ደንቆሮ መኾኑን አላወቀችምና ፍየሎቿን አይቶ እንደ ኾነ ጠየቀችው። እርሱም ውሃ ያለበትን የጠየቀችው መስሎት እጁን ወደ ወንዝ ዘረጋ። ሄደች፤ እንዳጋጣሚ ፍየሎቿን እዚያው አገኘቻቸው። አንዲቱ ግልገል ግን ከድንጋይ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር። ሴትዮዋ ግልገሏን ታቅፋ ስትመለስ ያንን ሰው አመስግና፥ ስለ ውለታውም ይህችን ውሰድ አለችው። እርሱ ግን «እግሯን አንተ ሰብረሃል» ያለችው መሰለውና ተቈጣ። እርስዋም የሰጠችውን መናቁ መሰላትና ተቈጣች። ሰው ተሰበሰበ፤ ኹለቱንም ይዞ ወደ ዳኛ ወሰዳቸው። ዳኛው ደግሞ ጆሮው የማይሰማ፥ ዐይኑም የደከመ ሽማግሌ ነበረ። ኹለቱ ሲጮኹ ጥቂት ከቈየ በኋላ ባልና ሚስት መስለውት፥ የታቀፈችውም ግልገል ሕፃን መስላው፥ ባልየው ሚስቱን እንዳይበድል፥ ሚስትዮዋም በቤቷ ሥራ እንዳትታክት ገሠጻቸው፤ ሕፃኒቱንም ዕድሜ ይስጥሽ ብሎ መርቆ አሰናበታቸው። የተሰበሰበውም ሕዝብ ፍርድ የሚባል ነገር ሳይኖር እንዴት እንኖር ነበር እያለ ተደነቀ።

በፍርድ ወንበር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን በመጻፋችን እንዳይቀየሙን እንለምናለን። ተረቱን የፈጠረው ችሎት ሲያስችል የኖረ ሕዝብ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። እንዲያውም ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ምክሩም ለቤተ ሰብ ገጽ የሚገባ ደግ ምክር ነው። የቀረው ነገር የቀረቡትን ሰዎች መስማት ብቻ ነው።

ሚስተር ፓርች ተረቱን ሲወስዱ አንድ ነገር ለወጡ። ቡና የሚያፈላውን ሰውዬ በሜዳ እሳት ምግቡን የሚያበስል ዘዋሪ መንገደኛ አደረጉት። ስለ ምን እንደ ኾነ ከላይ አንባቢ እንዲያስታውስ የለመንነው ይገልጠዋል። ሳይሰማ የሚፈረድበት ሰው እርሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው የኖሩበት ሰው ነው። ከዚህም አልፎ 43ቱን ደረጃቸውን ይዘው በየኮሌጁ ደጅ ሲጠኑ ብዙ ጊዜ የገጠማቸው ዳኛ ያው የተረቱ ዳኛ ይመስለናል። አንዳንዱ መሣሪያዎቹን አየ፤ ሳቀ፤ ሳይሰማም መርቆ አሰናበታቸው። ስለዚህ ከግሪክና ከጃፓን ጥበብ በኋላ የመጨረሻውን ሳቅ ከእኛ አገር መፈለጋቸው በአጋጣሚ የተደረገ ነው ብለን አናምንም።

በቤቱ ልጆች ያሉት ሰው ከእራት በኋላ ይህን ቢሞክር መልካም ነው። ሰባት አንድ ዐይነት ጠርሙሶች ደርድሮ በየአንዳንዱ ልዩ ልዩ መጠን ያለው ውሃ ይጨምርና ልጆቹ በማንኪያ ቀስ ብለው ይምቷቸው፤ ውሃ የበዛበት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ቀጥሎም በየጠርሙሱ አፍ ላይ እፍ ይበሉ፤ አኹን ውሃ የበዛበት ይቀጥናል። ሲመታ የሚርገበገበው ጠርሙሱና ውሃው ነው፤ እፍ ሲባል ግን የሚርገበገበው በላይ የቀረው አየር ነው። ከዚያ ልጆቹ ትዝታን ወይም ባቲን እስኪያገኙ ድረስ ውሃውን እየጨመሩና እየቀነሱ ይቃኙት። ውሃ በጠብታ የሚጨመር ስለ ኾነ ከፒያኖ ቍልፍ ይልቅ ለቅኝታችን ይመቻል። ጠርሙስ ቢሰበር አይቈጧቸው።

ሚስተር ፓርች ኑሯቸው የተረጋጋ አልነበረም። መሣሪያዎቹን እየጫኑ ከአንድ የከብት ርስት ግቢ ወደ መርከብ መሥሪያ ሰፈር፥ ከዚያም ጫጩት ይፈለፈልበት ወደ ነበረ ባዶ ቤት ተዘዋውረዋል። በ1974 ዓ.ም. በሳን ዲየጎ ከተማ ሞቱ። በዓለም ላይ አንድ አንድ ብቻ የኾኑ መሣሪያዎች ሠሪያቸው ሲሞት ምን ይኾናሉ? በዚህ ነገር ላይ እኛ ሚስተር ፓርችን በጥቂቱ እንወቅሳቸዋለን፤ ዜማቸውን የጻፉት ለነዚያ ዕቃዎች ብቻ ስለ ኾነ ዕቃው ቢጠፋ ዜማውም አብሮ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የመሣሪያዎቹን አሠራር ገልጠው ጽፈዋል። ወዳጆቻቸውም ዕቃውን ጠበቁት፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ኒው ጀርሲ፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በሲያትል ወዳለው ወደ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቴ ተወሰደ። ከኹሉ ለስብራት የሚያሰጉት እነዚያ የመስታወት ሣህኖች ናቸው፤ የተሰበረ ሣህን ቢተካ አዲሱ የቀድሞውን ድምፅ አይሰጥም።

በጀርመን አገር በኮሎኝ ያሉ የሙዚቃ ሰዎች ደግሞ ቶማስ ማይክስነር በተባሉ ሠሪ እጅ የመሣሪያዎቹን ሙሉ ቅጅ አሠርተው፥ እያንዳንዱን እንደ ሕፃን ከመዠመሪያው ተማሩት። በ2013 ዓ.ም. በቦኹም ከተማ፥ ቀድሞ የብረት ሥራ ፋብሪካ ክፍል በነበረ ሰፊ አዳራሽ ቴያትሩን አሳዩ። ያችም የኢትዮጵያዪቱ ሴት ግልገል በዚያ እንደ ገና ጠፍታ እንደ ገና ተገኘች፤ ዳኛውም እንደ ልማዱ አልሰማም።